አራት ቀን

የቡሽ ዛፍ የራሱ ሕግ አለው፤ ከአያቴም ዕድሜ ይበልጣል፣
በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋ ሙቀት ይላጣል።
ቤልሚሮ ከግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፋል
የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ፤
ከዚያ ማንም ስለት አያነሳበትም፣
ልጡ ዳግመኛ እስኪይዝ።

ከሊዝበን የሚመጣው ሕግ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለው፤
ጥር ላይ የጸናው ነገር ሚያዝያ ላይ ሌላ ነው።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?
ትናንት ያሰርኩት ፋይል ዛሬ ጠዋት ፍቺኝ አለ።

አባቴ ወርክሾፑን ሲያወርሰኝ
«መጋዙን ዘይት፣ ሰውን ደመወዝ እንዳትነፍጊ» ብሎ መከረኝ፤
ስለ ቅጹና ስለ አባሪው ግን ትንፍሽ አላለኝ።
በእሱ ጊዜ ሕግ ማለት አንድ ቅባት የጠገበ ደብተር ነበር፤
ከጆሮው ጀርባ እርሳስ፣ ቅዳሜ ማታ ሒሳብ፣
እጅ መጨባበጥ፣ ከዚያ ወደ ሰፈር።
(የትርፍ ሰዓት አይከፍልም ነበር። ይህንንም አውቃለሁ።
ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ደብተሩን አይቻለሁ።)

እኔ ያለኝ አሥራ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ አልዘጋ ያለ መሳቢያ፤
መሳቢያው ውስጥ ሕግ፣ ሕጉ ላይ ማሻሻያ፣
ማሻሻያው ላይ ደግሞ የማሻሻያው ማብራሪያ።
ማታ መጋዙ ሲያርፍ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣
አንዱን ገጽ ሳልጨርስ ሌላው ይቆለላል ከላዬ።
ሒሳብ ያዡ ኦሌጋሪዮ «ዶና ዴልፊና» ብሎ ይደውላል፤
ያሰላል ብዬ ስጠብቅ ያስላል፤
ሲያስል አዲስ ሕግ ወጥቷል ማለት ነው፣ ሆዴ ቀድሞ ያውቃል።

መግቢያና መውጫ በጣት አሻራ ይሁን ተባለ፤ ማሽን ገዛሁ።
የኢዳሊናን ጣት ቡሽ ሞርዶት ኖሯል፣ ያን ቀን ገና አወቅሁ፤
መስመር የለው፣ የወንዝ ጠጠር።
ማሽኑ ማን እንደሆነች ደጋግሞ ጠየቃት፤
«ሠላሳ ዓመት እዚሁ ነኝ» አለችው፤
እሱ ግን አላመናት።

በየካቲት ዙልሚራ፣ የቤልሚሮ ሚስት፣ ታመመች።
አራት ቀን ኤቮራ ሆስፒታል ከአልጋዋ ሥር አደረ፤
ቀበራት፤ በሳምንቱ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጋዙን አዞረ።
በወሩ መጨረሻ የአራቱን ቀን ቆረጥኩ፤
«ሕጉ ነው፣ ቤልሚሮ» አልኩ፤ ከልቤ አምኜ ነው ያልኩ።
ፈረመ። እስክሪብቶዬን ክዳኑን ገጥሞ መለሰልኝ።
ምነው ያኔ በሰደበኝ።

በሰኔ መሳቢያው ጨርሶ እንቢ አለ፤ ገልብጬ ዘረገፍኩት።
ከሥር፣ የታኅሣሥ ፖስታ፤ ኦሌጋሪዮ የላከው፣ እኔ ያልከፈትኩት፤
ጀርባው ላይ የወይን ብርጭቆ ክብ፤ ማስቀመጫ አድርጌው ኖሯል።
«ከጥር አንድ ጀምሮ፣ በሽተኛ ለሚያስታምም…»
ቀሪውን ቆሜ አነበብኩት።
አለማወቅ ደጉ ይላሉ፤
ለማን ይሆን ደግነቱ?

ገንዘቡን በዚያው ፖስታ ከትቼ ወደ ጫካው ወጣሁ።
ቤልሚሮ መሰላል ላይ ነበር፤ መጥረቢያው እስኪወርድ ጠበቅሁ።
ልጡ ከግንዱ ሲላቀቅ እንደ አሮጌ ሸራ ይቀደዳል፤
ከሥሩ ያለው ገላ ቀይ ነው፤ ያፈረ ሰው ፊት ይመስላል።

ሁለቴ ቆጠረው። «ሕጉ ተለወጠ እንዴ?» አለ።
«ሕጉስ ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።»
አልማረኝም፤ አልተቆጣኝምም፤
ፖስታውን ደረት ኪሱ ከትቶ ብሩሹን አነሳ።
ቁጥሩን ጻፈ፤ እስኪደርቅ ሁለታችንም አየነው።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኦሌጋሪዮ። መጀመሪያ ሳሉ።
ከወደቀው ልጥ ቁራጭ አነሳሁ፤
ከቤልሚሮ ጆሮ ጀርባ እርሳሱን ተዋስኩ፤
«ተናገር፤ በቅድሚያ ግን ቀኑን» አልኩ።